ባለ4 ኮር ላፕቶፕ ይዞ ወደ ፕሮቲን ሞዴሊንግ መግባት

ከጅማ የጻፍሽልን የኮምፒውተር ሳይንስ የ4ኛ ዓመት ተማሪ፣ ስክሪን ላይ ፕሮቲን በማውስ እየጎተቱ የሚያዩበትን ዓይነት ሶፍትዌር መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ነገር ግን ባዮሎጂ እንዳልተማርሽና ያለሽ ባለ4 ኮር ላፕቶፕ ብቻ እንደሆነ ነግረሽናል። ይበቃሻል። መግቢያሽ ራስሽ ጽፈሽ ፍጥነቱን የለካሽው ኮድ ነው፤ ሰርተፍኬት መሰብሰቡን ለጊዜው ተይው።

መጀመሪያ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በስሌት የሚያስመስለውን ግሮማክስ የተባለ ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ ጫኚ። ነፃ ነው፣ ያለ ግራፊክስ ካርድም ይሠራል። የፕሮቲኖች ቅርጽ በነፃ ከሚገኝበት ድረ ገጽ፣ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ፣ ላይሶዛይም የተባለውን የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን አውርደሽ ተለማመጂበት፤ 129 አሚኖ አሲድ ብቻ ስለሆነ ላፕቶፕሽ ይችለዋል። ከማስመሰሉ በፊት ኢነርጂውን ዝቅ የማድረጉን ደረጃ እንዳትዘልዪው፤ በጣም የተጠጋጉ አቶሞች ተገፋፍተው ሲስተሙን ይበትኑታል። መብራት ቢሄድም ግሮማክስ በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን (ቼክፖይንት) ስለሚያስቀምጥ ከዚያ ትቀጥያለሽ።

ቀጥለሽ በሲ ፕላስ ፕላስና ሥራን ለብዙ ኮር በሚያከፋፍለው በኦፕንኤምፒ፣ በ1 ናኖሜትር ክልል ውስጥ ባሉ አቶሞች መካከል ያለውን ኃይል የሚያሰላ አጭር ኮድ ጻፊ። ፕሮግራሙ ከሚፈጀው ጊዜ አብዛኛውን የሚበላው ይሄ ስሌት ነው። ብዙው ሰው የሚሰናከለውም እዚሁ ነው፦ ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራሙ ክፍሎች) የአንድ አቶምን ኃይል በአንድ ጊዜ ሲደምሩ የአንደኛው ድምር ይጠፋል። ያው ግብዓት በተሠራ ቁጥር ኢነርጂው ይለያያል። ልዩነቱ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ላይ ብቻ ከሆነ የመደመሩ ቅደም ተከተል ስለተቀያየረ ነው፣ አያሳስብሽ። ሦስተኛው አሃዝ ላይ ከታየ ግን ኮዱ ተሳስቷል። ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር) ሰጥተሽ መጨረሻ ላይ ደምሪያቸው።

ከዚያ በ1፣ በ2 እና በ4 ትሬድ ለኪ፤ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ብዙ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱን ይቀንሳል። 4 እጥፍ አትጠብቂ። ከሥራው 90 በመቶው ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ በ4 ኮር 3.1 እጥፍ ገደማ ታገኛለሽ፤ የፈለገውን ያህል ኮር ቢጨመር ከ10 እጥፍ አያልፍም።

ተጠቃሚው እየነካ የሚያየው ሲሆን ሒሳቡ ይጠብቃል። በሰከንድ 30 ምስል ለማሳየት ለአንዱ ያለሽ 33 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ እርምጃ፣ ማለትም አቶሞቹን አንዴ የማንቀሳቀስ ስሌት፣ 5 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 6 እርምጃ ይገባል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ፕሮቲኑን በ2 ፌምቶሰከንድ (ፌምቶሰከንድ የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) ብቻ ቢያራምድ፣ 1 ናኖሰከንድ ለማየት 46 ደቂቃ ትቀመጫለሽ ማለት ነው። ስለዚህ ነው ተጠቃሚው አቶሙን ከተፈጥሮ በበለጠ ኃይል የሚጎትተው።

ጅማ ላይ ለዚህ ብቻ ብሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አትጠብቂ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከኬሚስትሪ ወይም ከባዮሎጂ መምህር ጋር አድርጊው፤ ለማስተርስ ስታመለክቺም የለካሽውን ሰንጠረዥ፣ ፍጥነቱ የት ላይ ለምን እንደቀነሰ ከሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጋር አያይዢ።