ኩልል ያለ ውሃ ንጹሕ ነው ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ «ከሱሉልታ አካባቢ ነኝ። ከወንዝ በሞተር እየሳብኩ ሰላጣና ካሮት አለማለሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል ሰላጣዬን ሊወስድ ከተስማማ በኋላ የውሃ ምርመራ ውጤት አምጣ አለኝ። ውሃው እኮ ጠጠሩ እስኪታይ ኩልል ያለ ነው! ምኑ ነው የሚመረመረው? በዚያ ላይ ጥጃዎቼ እያስቀመጣቸው ነው፤ ከውሃው ይሆን?»

ወንድሜ፣ ሆቴሉ አልተሳሳተም። ሰላጣ ድስት አያውቅም። በጥሬው ስለሚበላ ቅጠሉ ላይ የቀረው ሁሉ ሆድ ይገባል። ባክቴሪያ ደግሞ ውሃ አያደፈርስም፤ አንድ ብርጭቆ ውስጥ በሺዎች ሆኖም ጠጠሩ ይታይሃል።

ላብራቶሪ ስትሄድ ታይፎይድ፣ ኮሌራ እየተባለ አንድ በአንድ የሚፈለግልህ እንዳይመስልህ። እነዚህ ወንዝ ውስጥ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ዛሬ አሉ ነገ የሉም፣ ለየአንዳንዳቸውም የተለየ ምርመራ ስለሚያስፈልግ ኪስህ አይችለውም። ስለዚህ የሚፈለገው ኢ. ኮላይ ነው። የሰውና የከብት አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛው ዓይነቱ ራሱ አያሳምምም። ወንዝህ ውስጥ ከተገኘ ግን ሰገራ ወይም እበት ገብቷል ማለት ነው። የጅብ ዱካ አይቶ በረት እንደ መዝጋት ቁጠረው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በሆነ ስስ ማጣሪያ ያሳልፉታል፣ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ይቀራል። ማጣሪያውን የባክቴሪያ ምግብ ያለበት ትንሽ ሳህን ላይ አድርገው 44 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ቀን ያቆዩታል። በማግስቱ እያንዳንዱ ተራብቶ የስፒል ራስ የምታህል ነጥብ ይሆናል፤ እሷን መቁጠር ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመህ ንገራቸው፦ «የወንዝ ውሃ ነው፣ አቅጥናችሁም ሥሩልኝ።» አለዚያ ነጥቡ ተደራርቦ «ሊቆጠር አልቻለም» የሚል ወረቀት ይዘህ ትመለሳለህ፣ ክፍያው አይመለስም።

ዋናው ጣጣ ያለው አቀዳዱ ላይ ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ናሙና ቀድቼ፣ በረዶ ሳልይዝ፣ ጋቢና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቼው ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ። ሙቀት ባክቴሪያውን አንዳንዴ ያራባዋል፣ አንዳንዴ ይገድለዋል። ያ ቁጥር የወንዙ ይሁን የጋቢናው ሳይለይ ይዤው ሄጄ ገበሬውን አስደነገጥኩት። ደግሜ በራሴ ወጪ አስመረመርኩ።

አንተ እንዲህ አድርግ። ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ተቀበል፤ ታጥቦም ቢሆን ሃይላንድ አይሆንም። ሞተርህ ከሚስብበት ቦታ ቅዳ። የክዳኑን ውስጥ አትንካ። ጠርሙሱን አፉን ደፍተህ አስገባና፣ ውሃው ውስጥ ሳለ አፉን ወደሚመጣው ውሃ አዙረህ ሙላው፤ ከላይ ትንሽ ክፍት ተው። ጭቃውን አትርገጥ፣ ደለሉ ውስጥ የተኛው ባክቴሪያ ይነሳብሃል። በረዶ ባለበት ሳጥን አድርገህ ከቀዳህ በ6 ሰዓት ውስጥ አድርስ። ከሱሉልታ አዲስ አበባ ሰበብ የሚሆን መንገድ አይደለም።

አንዴ መቅዳት ደግሞ አይበቃም፣ ውጤቱ የዚያች ሰዓት ብቻ ነው። አንዱን በደረቁ ጊዜ፣ ሌላውን ከዝናብ ማግስት ቅዳ። የመጀመሪያው ዝናብ በጋውን ሙሉ ሜዳ ላይ የከረመውን እበትና ሰገራ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል፤ መጥፎውን ቁጥር የምታየው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ገበያ ላይ የሰገራ ባክቴሪያ ሲኖር ውሃውን የሚያጠቁር ርካሽ መመርመሪያ አለ። ለምንጭና ለጉድጓድ ይጠቅማል። ለወንዝ ግን ገንዘብህን አታባክን፣ ክፍት ውሃ ሁሉ ማለት ይቻላል ያጠቁረዋል፣ ስንት እንደሆነም አይነግርህም።

ውጤቱ ሲመጣ፣ ለመጠጥ ከሆነ በ100 ሚሊ ሊትር አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። ለመስኖ እንዲህ አይጠበቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 በጥሬው ለሚበላ አትክልት ያስቀመጠው ልክ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 ያልበለጠ የሰገራ ኮሊፎርም ነበር፤ ይህ ሰገራ መግባቱን የሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች የጋራ ስም ነው፣ ኢ. ኮላይም ከእነሱ አንዱ ነው። ቁጥርህ ከዚያ ቢያልፍም ሰላጣውን ነቅለህ አትጣል። ከላይ መርጨቱን ተውና በቦይ አጠጣ። ከመልቀምህ ጥቂት ቀናት በፊት ውሃውን አቁም፣ ፀሐይና ድርቀት ቅጠሉ ላይ ያለውን ይቀንሱታል። ካሮቱን እዚያው ወንዝ ውስጥ አጥቦ አብረቅርቆ ገበያ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ይቺ ነገር በጣም ነው የምታናድደኝ። ማጠቢያው ንጹሕ ውሃ ይሁን።

ወደ ጥጃዎቹ ስመጣ፣ ወንዙን ለመክሰስ አትቸኩል። ዕድሜያቸውን አልነገርከኝም። ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው ከሆኑ ገና ወተት ላይ ናቸው፤ እንገሩን በተወለዱ በ6 ሰዓት ውስጥ ጠብተው እንደሆነና የበረቱ ወለል ደረቅ መሆኑን መጀመሪያ እይ። ከፍ ያሉት ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው፦ ላሞቹ ወንዙ ውስጥ ቆመው እየጠጡ እዚያው እበታቸውን ይጥላሉ፣ ጥጃው ከታች በኩል ያንኑ ይጠጣል። ሞተር አለህ አይደል? ስበህ በገንዳ አጠጣቸው፣ መሳቢያውንም ከብቶቹ ወንዙ ውስጥ ከሚገቡበት ቦታ ወደ ላይ አድርገው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካየህ ግን የውሃውን ውጤት አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።