ጥያቄና መልስ፦ በስጦታ የተገኘች ሴስና

ጥያቄ፦ አጥቢያችን ሱሉልታ ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ሴስና 206 አውሮፕላን ለወንጌልና ለሕክምና አገልግሎት ሰጥተውናል። ስድስት ዓመት ሀንጋር ውስጥ ቆማለች። ሞተሩ ከታደሰ ወዲህ 900 ሰዓት ብቻ ስለሠራ «ገና ነው» ተብለናል። በኮንቴይነር አስመጥተን በግቢያችን መጋዘን ልንገጣጥማት አስበናል። ከምን እንጀምር?
የሚሲዮን ኮሚቴው

መልስ፦ 900 ሰዓቱ አያጽናናችሁ። የዚች አውሮፕላን ሞተር ኮንቲኔንታል አይኦ-520 ከሆነ፣ አምራቹ ሙሉ እድሳት የሚመክረው በ1,700 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ስለዚህ ሰዓቱን ትታችሁ የመጨረሻው እድሳት መቼ እንደተደረገ ጠይቁ። ሎግቡኩ (የበረራና የጥገና መዝገቧ) ሙሉ ካልሆነ ስጦታውን ከመቀበላችሁ በፊት ቆም በሉ። ታሪኩ ያልተጻፈ ዕቃ ለመርማሪ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቆሞ የከረመ ሞተር ከሚሠራው ይበልጥ ይጎዳል። ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ያልቅና እርጥበት ባዶውን ብረት ያገኘዋል። ሊያዩዋት የሚሄዱ ሰዎች ፕሮፔለሩን በእጅ እንዳያዞሩ አደራ በሉ፤ የተረፈችውን ዘይት ይጠርጋታል እንጂ አይጠቅምም፣ ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያመነጨው ክፍል) ካልጠፋም ሞተሩ ድንገት ተነስቶ ሰው ይገድላል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ የላይኞቹን ካንዴላዎች አውጥቶ በቦሮስኮፕ (በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ቀጭን ካሜራ) እያንዳንዱን ሲሊንደር ይይ። ዝገት ካለ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ከሌለ አሮጌው ዘይትና ቤንዚን ይቀዳ፣ ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ ዘይት መግፋት እስኪጀምር ይዙር፣ ከዚያ ይነሳ። ሲሞቅ ይጥፋና አየር እየተነፋ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካ። አየሩ በዘይት መሙያው በኩል ሲያመልጥ ከተሰማ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፤ በጭስ ማውጫው ከተሰማ ቫልቩ ነው፣ ይሄኛው ይቅርታ የለውም። በመጨረሻ የዘይቱን ፊልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት፤ የብረት ቅንጣት ካለ ሞተሩ ይፈታል።

ሌሎች አራት ቦታዎችም አሉ። የነዳጅ ታንኮቹ በክንፉ ውስጥ ያሉ የጎማ ከረጢቶች ናቸው። ሲያረጁ ይጨማደዳሉ፣ በክዳኑ የገባ ዝናብ ከጭምድዱ ስር ይቀመጣል፤ ናሙና ስትቀዱ ሳይታይ ቆይቶ በመነሻ ላይ ሞተሩን ያጠፋል። የመቀመጫውን ሐዲድ መርምሩ፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለዚህ ብቻ ቁጥሩ 2011-10-09 የሆነ አስገዳጅ መመሪያ አውጥቷል፣ ምክንያቱም መንጠቆው ሲያልቅ የአብራሪው ወንበር በመነሻ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ክንፍና ጅራት ውስጥ የአይጥ ጎጆ ፈልጉ፤ ሽንቱ አሉሚኒየም ይበላል። የአደጋ ጊዜ ጠቋሚው በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቀይሩት፤ ሳተላይቶች ያንን መስማት ያቆሙት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱ የ406 ሜጋኸርዝ ጠቋሚ በኢትዮጵያ መለያ ቁጥር 624 ይሞላ።

እድሳት ካስፈለገ ከመጫኗ በፊት እዚያው ይደረግ። ዕቃውም ባለሙያውም ያለው እዚያ ነው፤ ሰጪዎቹም ከተላከች በኋላ ይልቅ ከመላኳ በፊት ገንዘብ ለማዋጣት ይቀላቸዋል።

ኮንቴይነር ውስጥ ለመግባት ክንፎቹ፣ የጅራቱ አግዳሚና ቋሚ ክፍሎች ይፈታሉ፤ አግዳሚው ብቻ 4 ሜትር ያህል ይሰፋል። ጥንቃቄው ክንፉ ላይ ነው። የኋላው የክንፍ ማያያዣ ብሎን የሚያልፍበት ቡሽ (የብረት ቀለበት) ቀዳዳው ከመሃሉ የወጣ ነው፤ ክንፉ የሚስተካከለው እሱን በማዞር ነው። ከመፈታቱ በፊት ቦታው በቀለም ካልተሰመረ አውሮፕላኗ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ብሎኖቹን በየቀዳዳቸው ለይታችሁ እሰሩ፣ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎችን ግን አዲስ ግዙ። ለባሕሩ ጉዞ በካንዴላዎቹ ምትክ እርጥበት የሚመጥ መድፈኛ ይግባ፤ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲለወጥ ጠግቧል ማለት ነው።

መጋዘናችሁን በተመለከተ፣ አትገጣጥሟት። እዚያ ተገጣጥማ መብረር ስለማትችል ክንፏን ዳግም ፈታችሁ በመንገድ መጎተት ይመጣል። ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ ማኮብኮቢያ ባለበት፣ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ ተነግሮ ይሁን። ከቀድሞው አገር መዝገብ የመሰረዟ ማስረጃ ከሌለ በኢትዮጵያ አትመዘገብም። መጋዘኑን ለመለዋወጫና ለአቭጋስ (ለአውሮፕላን ቤንዚን) በርሜል ተጠቀሙበት፤ በርሜሉን አቁማችሁ አትተዉት፣ አጋድሙት። ቆሞ ዝናብ ካገኘው ውኃ በክዳኑ ዙሪያ ይጠራቀማል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሳባል።

ጥያቄ፦ ስድስት መቀመጫ ስላላት ስድስት ሰው እንጫን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ በወረቀት አዎ፣ በአየር ላይ ይለያያል። ትልቁ የመነሻ ክብደት 1,633 ኪሎ ነው። ባዶዋን 960 ብትመዝን (ከገጠማችሁ በኋላ መዝኑ፣ የአሮጌ ሎግቡክ ቁጥር አትመኑ) 673 ይቀራል። 200 ሊትር አቭጋስ 144 ኪሎ ነው፤ የቀረው 529። አብራሪውን ጨምሮ ስድስት ሰው በ80 ኪሎ 480 ይሆናል። ለመድኃኒትና ለሻንጣ 49 ኪሎ!

ከዚያ ከፍታው ይመጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ እንደ 3,200 ሜትር ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም 70 በመቶ ያህል ጉልበቱን ብቻ ይሰጣል፤ የመንደርደሪያው ርቀትም ከባሕር ዳርቻው እጥፍ ያልፋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ይበቃል፤ ችግሩ ደጋ ላይ ያለ የሳር ሜዳ ነው። ሰጪዎቹ ምርጫ ካላቸው ቱርቦ ያላትን ጠይቁ። ከመነሳት በፊት የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ ካልቀጠነ (ነዳጁ ካልተቀነሰ) ደግሞ ያለውም ጉልበት ይጠፋል።

ለተሳፋሪዎች አንድ ነገር አሳዩ፦ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሲወርድ የኋላውን ድርብ በር ፊተኛ ክፍል ይዘጋል። ኋላ የተቀመጡት በዚያ እንዴት እንደሚወጡ መሬት ላይ ይለማመዱ።

ጥያቄ፦ የአጥቢያችንን ስም በቀለም እንጻፍባት?

መልስ፦ ጎኗ ላይ ጻፉ። በክንፉ ጫፍና በጅራቱ በሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ላይ ግን ቀለም አታድርጉ፤ የቀለሙ ክብደት ሚዛናቸውን ያዛባና በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ከተቀቡ ወጥተው በሚዛን ይስተካከሉ።