ጀልባ ላይ ሊትየም ባትሪ ለምትገጥሙ ልጆች

ልጆች፣ ሰሞኑን ከናንተው መሀል አንድ ሁለቱ እየመጡ «ጋሼ፣ የጣና ጀልባ በባትሪ እንዲሄድ ልናደርግ ነው፣ ሊትየም ይፈነዳል የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል፣ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ዕድሜዬን የጀልባና የመኪና ኤሌክትሪክ ስጠግን ስለኖርኩ ትንሽ የምለው አይጠፋም።

ሀሳባችሁን ወድጄዋለሁ፣ ቱሪስቱን ከባሕር ዳር ዘጌ እስኪደርስ በቤንዚን ጭስ ማጠን ይብቃ። ብቻ ከባጃጅና ከቤት ሶላር የለመዳችሁትን አገጣጠም እንዳለ ወደ ጀልባ አታምጡት። ባጃጅ ቢጨስ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ሰዉም ዘሎ ይወርዳል፣ ውሃው መሀል ያለ ጀልባ ግን የት ነው ዳር የሚይዘው?

ዓይነቱን ሳታውቁ ባትሪ አትግዙ። ከላፕቶፕና ከስኩተር የተፈታው ሴል አብዛኛው ሲሞላ 4.2 ቮልት የሚደርሰው ነው፣ ከልክ በላይ ከጋለ እሳቱ ኃይለኛ ነው። ለጀልባ የምመክረው ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው፣ አንዱ ሴል 3.2 ቮልት፣ አራቱ ሲቀጠሉ 12.8። እሱ ሙቀት ይችላል፣ «ጭራሽ አይቃጠልም» የሚላችሁን ሻጭ ግን አትመኑት፣ ሲበላሽ የሚያወጣው ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ።

ቻርጀር ደግሞ ሁሉም «12 ቮልት» እየተባለ ነው የሚሸጠው፣ ሶኬቱም ይመሳሰላል፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን ስታነቡ ግን አንዱ 12.6 አንዱ 14.6 አንዱ 16.8 ይላል። ለአራት ሴል ፎስፌት 14.6ቱ ነው። 16.8ቱን ሰክቶ ቢኤምኤሱ (ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ባትሪውን የሚቆርጠው መቆጣጠሪያ ቦርድ) ይቆርጠዋል ብሎ መተኛት የሰው ነፍስ በአንዲት ርካሽ ቦርድ ማስያዝ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሴሉ ሳይሆን መገናኛው ነው። 2 ኪሎዋት ሞተር በ12 ቮልት ከ150 አምፔር በላይ ይስባል። ብሎኑ ትንሽ ላልቶ አንድ ሚሊኦም ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያደናቅፍ ትንሽዬ እንቅፋት፣ ቢፈጠር እዛች ነጥብ ላይ ከ22 ዋት በላይ ሙቀት አለ፣ መበየጃ ካውያ ባትሪው ላይ ለኩሳችሁ ረስታችሁት እንደመሄድ ቁጠሩት። ጀልባ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት አስኬዱትና ሞተሩን አጥፍታችሁ ዋናውን ማጥፊያ ከዘጋችሁ በኋላ እያንዳንዱን መገናኛ በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ፈትሹት፣ ከጎረቤቱ የሞቀ ካለ ሌባው እሱ ነው። የገመዱ ፕላስቲክ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ከተኮማተረ፣ መዳቡም አረንጓዴ ካበቀለ፣ ብሎኑን አጥብቆ ማለፍ የለም፣ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ሥሩት። በፒንሳ ጨፍልቆ በናስትሮ መጠቅለል ጀልባ ላይ ሥራ አይባልም! ከቻላችሁ ደግሞ 48 ቮልት አድርጉት፣ ያው ሞተር 40 አምፔር ገደማ ይበቃዋል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖል አጠገብ ይሁን፣ የመኪና ፊውዝ ግን አይሆንም። ሊትየም ሾርት ሲያደርግ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ስለሚለቅ ትንሿ ፊውዝ ቀልጣም ብልጭታው በላይዋ ሊሻገር ይችላል፣ ክላስ ቲ የሚባለውን ፈልጉ፣ ውድ ነው አውቃለሁ። ሳጥኑንም ወለል ሥር ውሃ የሚተኛበት ቦታ ወይ ቤንዚን አጠገብ አታድርጉት፣ አየር መውጫ ይኑረው፣ መውጫውም ወደ ውጭ እንጂ ወደ ተሳፋሪው አይሁን።

ከጨሰስ? ሽሽ የሚል ድምፅና ነጭ ጭስ ካያችሁ ሳጥኑን አትክፈቱ፣ ጭሱ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ አለበት። ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ ጀልባውን አዙራችሁ ነፋሱ ጭሱን ከሰው እንዲያርቀው አድርጉ፣ ሰዉ ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይሰብሰብ፣ ወደ ቅርቡ ዳር ሂዱ፣ ስልክም ደውሉ። የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ይገታል እንጂ ውስጡን አያቀዘቅዝም፣ ተመልሶ ይነሳል። የሚያቀዘቅዘው ብዙ ውሃ ነው፣ እሱንም ከራቃችሁበት። ጠፋ ብላችሁም አትመለሱበት፣ ኖርዌይ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 አንዲት የባትሪ ጀልባ እሳት ተነስቶባት ወደብ ተመልሳ ሰዉ በሰላም ከወረደ በኋላ በማግስቱ ነው የተጠራቀመው ጋዝ የፈነዳው።

አንዳንዱ ጀልባ ላይ ደግሞ ላይፍ ጃኬቱ ከባትሪው ሳጥን ጋር አንድ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቻለሁ፣ እሱን ዛሬውኑ አውጡት።