ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት ቁጥር፦ የሽጉጥ ጥይት መልሶ መሙላት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት የሙሌት መመሪያ መጽሐፍ አለኝ፤ ለ9 ሚሊሜትር ጥይት ያው ባሩድ፣ ያው የአረር ክብደት ነው። ግን የአንዱ መጽሐፍ ከፍተኛ የባሩድ መጠን ሌላኛው ጋ መሃል ላይ ነው። ማን ተሳሳተ?

መልስ፦ ማንም። ክብደቱ አንድ ሆነ ማለት አረሩ አንድ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ረዘም ይላል፣ ሌላው ድብልብል ነው። ረጅሙ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ የባሩዱን ቦታ ይቀማል። የ9 ሚሊሜትር አረር አንድ ሚሊሜትር በጠለቀ ቁጥር 64 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያህል ይበላል፤ ይሄ ከሥሩ ከተረፈው ቦታ አንድ አስረኛውን ያልፋል! ፈጣን ባሩድ ደግሞ ቦታ ሲጠበው ግፊቱ በልኩ አይጨምርም፣ በአንዴ ያሻቅባል። እኔ ግሬኑን፣ ማለትም የባሩዱን ክብደት፣ የማየው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት። በዚያ ላይ አንዱ በግፊት መለኪያ በርሜል፣ ሌላው በተራ ሽጉጥ ሞክሮ ይሆናል፣ ፕራይመሩም (ቀለሁ ሥር ሆኖ ባሩዱን የሚለኩሰው) ይለያያል። ከዝቅተኛው ጀምሩ።

ጥያቄ፦ አማካዩን ብወስድስ?

መልስ፦ አይሆንም። ማንም ያልለካው ጥይት ነው የሚወጣህ።

ጥያቄ፦ ፕራይመሩ ተጠፍጥፎ ግፊቱ መብዛቱን እስኪያሳየኝ ባሩዱን ትንሽ ትንሽ ብጨምር?

መልስ፦ ሽጉጥ ላይ ፕራይመር አይታመንም። እሱ ሳይናገር ግፊቱ ያልፋል። ከዝቅተኛው ጀምሩ ብያለሁ።

አንድ አባል፦ ይሄን ግሬን ትተን በግራም ብንሠራ ምናለ? የወጥ ቤት ሚዛን ሁሉም ቤት አለ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው። ሚዛንህ 0.1 ግራም ብቻ ከለየ አንድ ግሬን ተኩል ሊሰወርብህ ነው። የሽጉጥ ሙሌት አራት አምስት ግሬን ነው እኮ!

አንድ አባል፦ የኔ ዲጂታል ነው፣ አይሳሳትም።

ሌላ አባል፦ ዲጂታልም ይንሸራተታል። የመፈተሻ ክብደት አለህ?

መልስ፦ ሚዛኑን ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የአባቴን የድሮ መጽሐፍ ልጠቀም?

መልስ፦ ለታሪክ አስቀምጠው። ያኔ ግፊት የሚለካው በሚጨፈለቅ የመዳብ ቁራጭ ነበር፣ ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው። ቁጥሮቹ አይመነዘሩም።

ጥያቄ፦ ምርጡ ባሩድ የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ጥይት? ለየትኛው አረር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ዛሬ ሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አሁን በካሊፐር (የርዝመት መለኪያ) ለካሁ። የኔ ጥይት ጠቅላላ ርዝመት ከመጽሐፉ በ0.6 ሚሊሜትር አጥሯል። ሃምሳ ሞልቻለሁ፣ ባሩዱም ከፍተኛው መጠን ላይ ነው።

መልስ፦ አንዷንም እንዳትተኩስ። ሃምሳውንም አረር ንቀል።