ልጄ 18 ሊሞላው ነው፤ ፍርድ ቤት ልሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። ልጄ ዳውን ሲንድረም አለበት፤ በሚቀጥለው ወር 18 ዓመት ይሞላዋል። ሰዎች «ቶሎ ሞግዚትነት ካላወጣሽ ሐኪም እንኳ አያናግርሽም» ይሉኛል። የጠበቃው ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ምን ይሻለኛል?
እናት፣ ከጋርላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ አይደንግጡ። ሰዎቹ ግማሹን እውነት ነው የነገሩዎት። 18 ሲሞላው በሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ ሐኪሙ ጉዳዩን ለእርስዎ አይነግርም። ሙሉ ሞግዚትነት ግን ከባድ ነገር ነው፤ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚታከም፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ፍርድ ቤት የሾመው ሌላ ሰው ይወስንለታል፣ የመምረጥ መብቱንም ሊያጣ ይችላል፣ ይቅርብን ቢሉ ደግሞ ተመልሶ ዳኛ ፊት መቆም ነው።

ቴክሳስ በ2015 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ በሕግ ያወጣችው ሌላ መንገድ አለ፦ በድጋፍ መወሰን። ልጅዎ የሚያምነውን ሰው ደጋፊ አድርጎ ይመርጣል፤ ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ወይም ሁለት ምስክሮች ባሉበት ውል ይፈራረማሉ፤ አለቀ። የውሉ ቅጽ ላይ ምግብ፣ ልብስና መኖሪያ አንድ መስመር ናቸው፣ ጤና አንድ፣ ገንዘብ አንድ። በየመስመሩ «አዎ» ወይም «አይ» የሚለው እሱ ነው። ደጋፊው መረጃ ያሰባስብለታል፣ ያስረዳዋል፣ የወሰነውን ለሌላው ያደርስለታል። በእሱ ፈንታ መወሰን ግን አይችልም። (ለኛ ሰው የሚከብደው ይሄ ነው፤ ሐኪሙ ልጁን «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሲለው ቀድመን የምንመልሰው እኛ ነን።) ለገንዘቡ ታላቅ እህቱን ቢመርጥም አይክፋዎት።

የሕክምና መረጃውን እንዲያዩ የሚፈቅደውን ወረቀት ከውሉ ጋር ማያያዝ አይርሱ፤ ያ ከሌለ ሐኪሙ አሁንም ዝም ነው የሚልዎት። ኤስኤስአይ (አካል ጉዳት ላለበትና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) የሚያገኝ ከሆነ ያ ለብቻው ነው፦ ብሩን የሚቀበልለትን ሰው ከፋዩ መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ራሱ ይሾማል፣ ለዚያ ሞግዚትነት አያስፈልግም።

ውሉ የሚሠራው የሚፈርመውን ነገር ከተረዳና ማንም ሳያስገድደው ከፈረመ ነው። ያ ጨርሶ የማይሆን ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ፤ ያኔም ዳኛው ሞግዚት ከመሾሙ በፊት ሌላ አማራጭ መኖሩን ማየት አለበት። ፊርማው ከልደቱ በኋላ ነው የሚሆነው፤ እስከዚያ ቅጹን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።