«ለምን እቆሽሻለሁ?» ብሎ ለጠየቀኝ ወጣት

በቅርቡ ጣናነሽ 2 የተባለችው የጣና ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ባሕር ዳር ስለ መድረሷ ስንጨዋወት፣ አንድ የመካኒካል ምህንድስና ተመራቂ «የላሜራውን ውፍረት መሣሪያው ከነገረኝ፣ ጀልባ ሆድ ውስጥ ገብቼ ለምን እቆሽሻለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። በጊዜው ስቄ አለፍሁት፤ ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ እኔም በሃያ ስድስት ዓመቴ እንዲሁ አስቤ፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ከደመወዙ ከፍሎልኛልና።

በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የጣና ውሃ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ ትልልቆቹ ጀልባዎች ጉዞ አቁመው ነበር። ውሃው ሸሽቷት ዳር ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጌ የብረት ጀልባ በዊንች ጎትተን አወጣን። ክረምቱ ሲገፋ ሐይቁ ስለሚሞላ መቻኮል ነበረብን። እኔ በውሰት ያመጣነውን የውፍረት መለኪያ ይዤ፣ አዲስ ሳለ 6 ሚሊሜትር የነበረውን ላሜራ በ12 ቦታዎች ለካሁ፤ አማካዩ 4.8 ሆነ፤ ጽፌ ፈረምሁ። ነጥቦቹን የመረጥኋቸው ቀጥ ብዬ ቆሜ እጄ ከሚደርስበት ከውጭ በኩል እንደ ነበር ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

በዚያው ቀን ሽማግሌው በያጃችን ሞተሩ ሥር በጀርባቸው ተንሸራትተው ገቡ። በሁለት የጎድን ብረቶች መካከል ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ የሚተኛበትን ቦታ በትንሽ መዶሻ ጆሯቸውን አስጠግተው ያንኳኩ ጀመር። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ይጮኻል። እዚያ ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ። «ልጄ፣ ይኼ አይጮኽም፤ ቆርጠን እንለውጠው» አሉኝ። ያን ለማድረግ ሞተሩ መነሣት ነበረበት፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት። «ጋሼ፣ መሣሪያው በጆሮ አይሠራም» ብዬ ሌላ ሌላው ተበይዶ ጀልባዋ እንድትወርድ አዘዝሁ።

ኅዳር ላይ ከዘጌ ቡና ጭና ስትመለስ ውሃ አስገባች። ፓምፑ እየታገለ ባሕር ዳር ደረሰች፤ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። አንዲት ነጋዴ ግን የራሰ ቡናቸውን ዳር ላይ ሸራ ዘርግተው ሦስት ቀን በእጃቸው ሲያገላብጡ አይቻለሁ፤ ናፍጣ የሸተተ ቡና ማን ይገዛል? ሞተሩ ሲነሣ ቀዳዳው የባቄላ ፍሬ አያህልም ነበር፤ ዙሪያው ግን በአውራ ጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል።

የምርመራው ወረቀት «የብየዳ ጉድለት» አለ፤ የሽማግሌው ደመወዝ ተቆረጠ። አማካይ የጻፍሁበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልሁ። በማግስቱ «እንደምን አደርህ፣ ኢንጂነር» አሉኝ።

መለኪያ አትመኑ ማለቴ አይደለም፤ መዶሻም ይሳሳታል። ግን ውሃ የሚገባው በአማካዩ ሳይሆን በቀጭኑ ቦታ ነውና፣ የምትለኩበትን ቦታ የምትመርጡት ሆዷ ውስጥ ገብታችሁ ጭቃና ዝገቱን ከፋቃችሁ በኋላ ይሁን። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ባለቤቱም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ ብረት ግን ከውስጡ እያለቀ ቀለሙ ያምራል። የምታነቡት መጽሐፍ በአብዛኛው ለባሕር የተጻፈ መሆኑንም አትርሱ፦ ለጨው ውሃ ዝገት መከላከያ የሚታሰረው ዚንክ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ አይረባም፤ እዚህ ማግኒዥየም ነው።

የዛሬ ልጆች በኮምፒውተር ንድፍ ከእኛ በብዙ ትፈጥናላችሁ፤ ቱታችሁ እስከ ዓርብ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ግን እናደዳለሁ። የእኔም ያኔ ንጹሕ ነበር።

ሽማግሌውን ይቅርታ ልጠይቃቸው ዛሬ ነገ ስል ጡረታ ወጡ። አሁንም ቅዳሜ ገበያ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ጉልበታቸው ሕመም እንጨዋወታለን፤ ያችን ጀልባ ግን እሳቸውም አያነሷት፣ እኔም አላነሣት።