ፎቶዎቹ ለምን በጎናቸው ይተኛሉ፣ ቀለማቸውስ ለምን ይደበዝዛል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ራስህ በሠራኸው ድረ ገጽ ላይ ፎቶዎችህን ስትጭን በቁም ያነሳሃቸው በጎናቸው ይተኛሉ፣ የአደይ አበባው ሜዳ ካሜራው ላይ እንዳየኸው ሳይሆን ደብዝዞ ይወጣል፣ ገጹም በስልክ ዳታ እስኪከፈት ያታክታል። ሦስቱም ፎቶው ከካሜራ ወጥቶ ሰርቨር ላይ እስኪደርስ ከሚያልፍበት ሂደት የሚመጡ ናቸው፤ በተለይ ከቅደም ተከተሉ።

ከመተኛቱ ልጀምር። በቁም ስታነሳ ካሜራው ፒክስሎቹን አያዞራቸውም። እንደወትሮው አግድም ይጽፋቸውና እንዴት ዞረው መታየት እንዳለባቸው የሚናገር፣ ከ1 እስከ 8 ያለ ቁጥር ኤክዚፍ (ከፎቶው ጋር አብሮ የሚጻፍ መረጃ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ለቁም ፎቶ 6 ወይም 8 ነው። ብራውዘር ቁጥሩን አንብቦ ስለሚያዞር ዋናው ፋይል ሲከፈት ልክ ነው። ፎቶ በኮድ የሚያስተካክሉት ላይብረሪዎች፣ ሻርፕም ሆነ ፒሎው፣ ግን ካልታዘዙ አያዞሩም፤ መጠኑን ቀንሰው ሲያስቀምጡ ደግሞ ኤክዚፉን ይጥሉታል። ቁጥሩ ጠፋ፣ ፎቶው ተኛ። በሻርፕ ከሆነ «ሮቴት»ን ቅንፉን ባዶ ትተህ ጥራው፤ በፒሎው ከሆነ «ኤክዚፍ ትራንስፖዝ» አለልህ። ይህ መጠን ከመቀነሱ በፊት ይሁን፤ አለዚያ ወርድ ብለህ የሰጠኸው 1080 ፎቶው ሲዞር ቁመት ሆኖ ታገኘዋለህ።

ቀለሙን በተመለከተ መጀመሪያ የፋይሎችህን ስም እይ። ከፊታቸው የታች ሰረዝ ካለ ካሜራህ አዶቤ አርጂቢ (ሰፋ ያለ የቀለም ክልል) ላይ ተስተካክሏል ማለት ነው። የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሙ በየትኛው ክልል እንደተጻፈ የሚናገር ስያሜ) የሌለውን ፎቶ ብራውዘር ኤስአርጂቢ (ድረ ገጽ ላይ የተለመደው የቀለም ክልል) ነው ብሎ ስለሚያነበው አረንጓዴውም ቢጫውም ይሞታል። በጄፔግ የምታነሳ ከሆነ የካሜራውን ምርጫ ወደ ኤስአርጂቢ መልሰው። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ከሆነ ይህ ምርጫ ዳታውን አይነካውም፤ ኤክስፖርት ስታደርግ ኤስአርጂቢን መምረጥ ይበቃል። እስካሁን ያነሳሃቸውን በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምህ ወደ ኤስአርጂቢ «ኮንቨርት» እንጂ «አሳይን» አታድርጋቸው። አሳይን ቁጥሮቹን ሳይነካ ስያሜውን ብቻ ይቀይራል፤ ኮንቨርት ግን ቀለሙ እንዳለ እንዲቆይ ቁጥሮቹን ያሰላል። ፋይሉ ጭራሽ ፕሮፋይል ከሌለው በቅድሚያ አዶቤ አርጂቢን አሳይን አድርግና ከዚያ ኮንቨርት አድርግ።

አደይ አበባ የራሱ ጣጣም አለው። እንዲህ የደመቀ ቢጫ የቀዩን ቻናል ቶሎ ሞልቶ ያቃጥለዋል፤ የአበባው ቅጠል አንድ ወጥ ቢጫ ይሆንና መስመሮቹ ይጠፋሉ። የተቃጠለውን ምንም ኮድ አይመልሰውም። ነጩን ሂስቶግራም (የብርሃን ስርጭት ግራፍ) ሳይሆን ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ የሚያሳየውን ክፈትና ቀዩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተደገፈ ኤክስፖዠሩን በ0.7 ዝቅ አድርግ።

ክብደቱ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ሜጋባይቱን ብቻ ነው። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ነው። ብራውዘር ሲከፍተው ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ፣ ፋይሉን ጨምቀህ 1 ሜጋባይት ብታደርሰው እንኳ ስልኩ ላይ ወደ 96 ሜጋባይት ሜሞሪ ይበላል። አሥር ፎቶ ባለበት ገጽ ርካሽ ስልክ የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው። መቀነስ ያለበት ወርዱ ነው። 360 ወርድ ያለው፣ የፒክስል ጥግግቱ 3 የሆነ ስልክ የሚፈልገው 1080 ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ 640፣ 1080 እና 1920 ወርድ ያላቸው ሦስት ቅጂዎች በዌብፒ (ፋይሉን የሚያሳንስ የፎቶ ዓይነት)፣ ጥራት 78 አካባቢ አውጣና በ«ኤስአርሲሴት» (ብራውዘሩ በሚመርጥበት የቅጂዎች ዝርዝር) ዘርዝራቸው። አጠገቡ «ሳይዝስ»ን (ፎቶው ገጹ ላይ የሚይዘውን ወርድ) አትርሳ! ከሌለ ብራውዘሩ ፎቶው የስክሪኑን ሙሉ ወርድ ይሞላል ብሎ ያስባል፤ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን በደረደርክበት ገጽ ላይ ከሚያስፈልገው እጥፍ ያወርዳል። በከፍተኛ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) የተነሱትን ደግሞ ከመጭመቅህ በፊት ኖይዛቸውን (ነጠብጣባቸውን) ቀንስ፤ ጨማቂው ኖይዙን እንደ ዝርዝር ነገር ስለሚቆጥረው ፋይሉ ያብጣል።

«ዊድዝ» እና «ሃይት»ን (ወርድና ቁመትን) የፎቶው ኤችቲኤምኤል ታግ ላይ ጻፋቸው፤ ፎቶው ሲደርስ ጽሑፉ አይዘልም። በሲኤስኤስ ቁመቱን «አውቶ» በለው። «ሌዚ» (ፎቶው ሊታይ ሲቃረብ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገው) ወረድ ብለው ላሉት ይሁን እንጂ መጀመሪያ ለሚታየው ፎቶ አታድርገው፤ ቶሎ መምጣት ያለበትን ራስህ ታዘገየዋለህ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ ማዞር፣ ቀለም መቀየር፣ መጠን መቀነስ፣ ጠርዞቹን በስሱ ማጥራት፣ መጭመቅ፣ መጨረሻ ላይ ሜታዳታን (እንደ ኤክዚፍ ያለውን አብሮ የተጻፈ መረጃ) ማጽዳት። ስልክ የቦታ መረጃ ፎቶው ውስጥ ሊጽፍ ስለሚችል ቤት ውስጥ የተነሱ የሰዎች ፎቶዎች ላይ ይህን ማጽዳት ፈጽሞ አትለፍ።

የፋይል ስምም ያስቸግራል። ካሜራው መጨረሻውን በትልልቅ ፊደል ይጽፋል፣ ኮድህ ውስጥ በትንንሽ ከጠራኸው ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግን 404 (ፋይሉ አልተገኘም) ነው። በአማርኛ የተሰየመ ፋይልም ሊንኩ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፤ «መስቀል» ብቻውን 36 ይሆናል። ስሙን በላቲን ትንንሽ ፊደል አድርገውና አማርኛውን ለ«ኦልት» (ለፎቶው መግለጫ ጽሑፍ) ተውለት።

ሁሉን አስተካክለህ ፎቶው አሁንም ተኝቶ ካየኸው ካሹ (ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠው ቅጂ) የያዘው አሮጌው ፋይል ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ቁጥር ጨምረህ እንደ አዲስ ጫነው።